ንድፍ ሲወረስ ከነምክንያቱ

የሰው ልጅ ያወቀውን ሁሉ በየትውልዱ እንደገና ከ«ሀ» ቢጀምር ኖሮ እስከ ዛሬ ከዋሻ ባልወጣ ነበር። ሸማኔ የጥለቱን አጣጣል ከአባቱ ይወርሳል። ግንበኛ የማዕዘን አያያዝን ካሠለጠነው ሰው ይማራል። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ባሳዩት መንገድ ይቆጥራል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ስለነዚህ ሰዎች ውርስ ነው፤ በተለይም በየከተማው ተራርቀው የተቀመጡ ብዙ ማሽኖች እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበትን ፕሮግራም ለመገንባት ትናንት የተነደፈውን ንድፍ ዛሬ መልሶ ስለመጠቀም። ርእሱ ደረቅ ይመስላል። ይሁንና በዚሁ ደረቅ ጉዳይ አንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት ሲጠረጠር አይቻለሁ፤ ለጥርጣሬው ምክንያት የሆንኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ታሪኩን ከራሴ ልጀምር።

የካዝናው ጉድለት

እንደ እኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ጸሐፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ከደንበኞቹ ክፍያ ይሰበስባል። አዲስ አበባ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዦች መስኮታቸው ላይ ተቀምጠው የከፋዩን ስምና የገንዘቡን ልክ በኮምፒዩተር ይጽፋሉ። ጽሑፉ በሽቦ ወደ ጎረቤት ክፍል ወዳለው ዋና ማሽን ይሄዳል፤ ዋናው ማሽን ሒሳቡን መዝግቦ «ተመዝግቧል» የሚል ምላሽ ይልካል። ምላሹ በጊዜው ካልደረሰ «አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ያህል ያለ እንከን ሠራ፤ ተመሰገንኩበትም።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተና ቅርንጫፉን በስልክ መስመር ከዋናው ማሽን ጋር ማገናኘት አስፈለገ። አለቃዬ «ሠርቶ የታየ አለን አይደል እንዴ? እሱኑ ውሰደው» አሉኝ። ወሰድኩት። አንዲት መስመር እንኳ አልለወጥኩም። ለነገሩ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል?

ሁለት ወር ሳይሞላ የቅርንጫፉ ካዝና የ2,640 ብር ጉድለት አሳየ። ዋናው ማሽን ተከፍሏል ብሎ የመዘገበው ገንዘብ በካዝናው ውስጥ ካለው ይበልጣል። የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ በዕድሜ የገፉ፣ በሙያቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ሒሳብ መርማሪ ተላከ፤ ቃላቸውን እንዲሰጡ ተደረገ፤ ጉድለቱም ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። «ማሽን አይዋሽም» ነበር የተባለው። ሲባል እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አልተቃወምኩም። ማሽን እንደማይዋሽ እኔም አምን ነበርና።

በሦስተኛው ወር ለሌላ ሥራ ወደዚያች ከተማ ስሄድ ሰውዬው ጠሩኝ። የደረሰኛቸውን ቀሪ ጥራዝ ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በመስመር መቆራረጥ ምክንያት ለደንበኞች በእጃቸው እየጻፉ ደረሰኝ ይሰጡ ኖሯል። የኔ ማሽን ሁለት ክፍያ ባለበት ቦታ እሳቸው ዘንድ ያለው አንድ ደረሰኝ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ገንዘቡ አንድ፣ በሁለቱ ምዝገባዎች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። «ጋሼ፣ ይህን ለምን ቀድመው አላሳዩም?» ብላቸው፣ «አሳይቼ ነበር፤ ማሽኑ ቁጥር አይጠይቅም፣ ስለዚህ አይመሳከርም አሉኝ» አሉ። ቀጥለውም «አንተ ልጅ፣ ደረሰኝ ላይ ቁጥር የሚታተመው ለጌጥ ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መልእክቱ ከቅርንጫፉ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ዋናው ማሽን ይመዘግባል፤ ምላሹ በመንገድ ላይ ሳለ መስመሩ ይቋረጣል። የሰውዬው ማሽን «አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» ይላቸዋል። እሳቸውም እንደታዘዙት ይሞክራሉ፤ ክፍያው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሕንፃ፣ በሁለት ክንድ ሽቦ በተያያዙ ክፍሎች መካከል፣ መስመሩ በዚያች ቅጽበት ተቋርጦ አያውቅም ነበር። ፕሮግራሜ የቆመው «አይቋረጥም» በሚል ግምት ላይ ነበር። ግምቱ ግን የትም አልተጻፈም፤ እኔም እንደገመትኩ አላወቅሁም።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። የተቆረጠው ደመወዝ ተመለሰላቸው። ስማቸው ግን እንደ ደመወዙ በአንድ ደብዳቤ የሚመለስ አልነበረም፤ ጡረታቸው ሳይደርስ ሥራውን ለቀቁ። እኔ ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ሠርቶ የታየን ነገር መልሶ መጠቀም ጥበብ ከሆነ፣ እኔ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? መልሱን ያገኘሁት በሙያው ታሪክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃውን ወይስ ሐሳቡን?

በጥቅምት 1968 በጀርመን አገር ጋርሚሽ በምትባል የተራራ ከተማ፣ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት የሳይንስ ኮሚቴ የጠራው ስብሰባ ተካሄደ። ሃምሳ ያህል ባለሙያዎች የተሰበሰቡት ፕሮግራም ጽሕፈት ቀውስ ውስጥ ገብቷል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ወጪው ይንራል፣ ስሕተቱ ይበዛል ብለው ነበር። በዚያ መድረክ የቤል ላቦራቶሪው ዳግላስ ማክኢልሮይ ተነሥቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ የሚፈልገውን ዕቃ ከካታሎግ መርጦ እንደሚገዛ ሁሉ፣ ፕሮግራም ጸሐፊም ተዘጋጅተው የተቀመጡ የፕሮግራም ክፍሎችን መርጦ የሚገጣጥምበት ኢንዱስትሪ ይቋቋም አለ። እያንዳንዱ ሰው ብሎኑን ራሱ እያቀለጠ እስከ መቼ ይኖራል? ማለቱ ነው።

ማክኢልሮይ ወሬ ብቻ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው የአንዱ ውጤት የሌላው ግብዓት እንዲሆን ከ1964 ጀምሮ ሲወተውት ኖሮ፣ በ1973 ኬን ቶምፕሰን ሐሳቡን ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ላይ በአንድ ሌሊት አስገባው። ያ ቅጥልጥል እስከ ዛሬ ይሠራል። የሠራበት ምክንያት ግን ልብ ይባል፤ ክፍሎቹ ሁሉ የሚኖሩት በአንድ ማሽን ውስጥ ነው፤ የሚነጋገሩትም በአንድ ቀላል ቋንቋ፣ በተራ ጽሑፍ ነው። ዕቃው እንዳለ የሚወረሰው ቤቱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው ካልተጠበቀ ሙያ ነው። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር በ1936 በቪየና ተወልዶ በእንግሊዝ ያደገ፣ በአሜሪካ በርክሌ ያስተማረ የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ነው። በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ 253 «ጥለቶችን» ሰብስቧል። ጥለት የምለው ለቃሉ የሚቀርብ ሌላ ስላላገኘሁ ነው፤ በሸማው ጠርዝ ደጋግሞ የሚመጣውን ቅርጽ አስቡ። ከጥለቶቹ አንዱ ለምሳሌ እያንዳንዱ ክፍል ብርሃን ከሁለት ወገን እንዲገባው ያስተምራል። አሌክሳንደር ግን «ሁለት መስኮት አድርግ» ብሎ አላቆመም። ጥለቱ ስም አለው፤ የሚሠራበት ሁኔታ ተጽፏል፤ የሚፈታው ችግር ተጽፏል፤ በአንድ ወገን ብቻ ብርሃን በሚገባበት ክፍል የሰው ፊት በጥላና በጸዳል ስለሚከፈል ሰውና ሰው እየተያዩ መግባባት እንደሚከብዳቸው ተጽፏል፤ መፍትሔው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወራሹ የሚወርሰው መስኮቱን ሳይሆን የመስኮቱን ምክንያት ነው። ግድግዳው ጭቃም ይሁን ድንጋይ፣ ምክንያቱን የያዘ ሰው መስኮቱን የት እንደሚያደርግ ያውቃል።

በ1987 ኬንት ቤክና ዋርድ ከኒንግሃም የተባሉ ሁለት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን የሕንፃ ሐሳብ ወስደው በኦርላንዶ ከተማ በተደረገ የሙያ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ያዘጋጁት አምስት ጥለት ብቻ ነበር፤ አምስቱም በኮምፒዩተር መስኮት አነዳደፍ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1994 ኤሪኽ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲዴስ 23 ጥለቶችን የያዘ መጽሐፋቸውን አወጡ። አራቱ ደራስያን በሙያው ዘንድ «የአራቱ ቡድን» እየተባሉ ይጠራሉ። በመጽሐፉ ውስጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ናሙና አለ፤ ነገር ግን የሚገለበጥ ዕቃ ሆኖ ሳይሆን ሐሳቡን ለማሳየት የተቀመጠ ነው።

ከገጣሚዎች የተወሰደ ሥርዓት

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነው አንባቢዬን የሚያስደስት አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በዚያው በ1994 የጥለት ጸሐፊዎች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን በኢሊኖይ ግዛት አደረጉ። ጽሑፎቹ የተመረመሩት እንደ ሌሎች የሳይንስ ጉባኤዎች አልነበረም። ሪቻርድ ጋብርኤል የተባለ፣ ፕሮግራም ጸሐፊም ገጣሚም የሆነ ሰው ከደራስያን ዘንድ ሥርዓት አመጣላቸው። ጸሐፊው ከሥራው ጥቂት ካነበበ በኋላ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ እሱ የሌለ ያህል ሥራውን ያነሣሉ፣ ይጥላሉ፤ እሱ ለመከላከል ቃል መተንፈስ አይችልም።

የቅኔ ቤታችንን ለሚያውቅ ነገሩ ሩቅ አይመስልም። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረበትን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርማሉ። ቅኔው ከተነገረ በኋላ ባለቤቱ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ቢል አያድነውም፤ ያልተነገረ ነገር የለም ማለት ነውና። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹም ያወቁት ይህንኑ ነው። ንድፍ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ወደማያውቀው ሰው ሲሄድ፣ ጸሐፊው አብሮት ሄዶ «ይህ እኮ መስመር በማይቋረጥበት ቦታ ብቻ ነው» ብሎ አያስረዳለትም። በጽሑፉ ውስጥ የሌለ ምክንያት ለወራሹ የለም።

የኤሪክሰኑ ሥራ

ይህ ሁሉ ሐሳብ በተራራቁ ማሽኖች ላይ በሚሠራ እውነተኛ ሥራ የተፈተነበትን አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ዳግላስ ሽሚት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በኔትወርክ ለሚነጋገሩ ፕሮግራሞች የሚሆን መሠረት ሲያዘጋጅ ቆይቶ፣ ኤሪክሰን በሚባለው የቴሌፎን ኩባንያ ፕሮጀክት ውስጥ ተሳተፈ። የስልክ ማዞሪያዎችን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ዩኒክስ ላይ የተሠራ ነበር፤ ኋላ ወደ ዊንዶውስ ኤንቲ እንዲዛወር ተፈለገ። ከኤሪክሰን ባልደረባው ጋር የደረሱበትን በ1995 በዴንማርክ በተደረገ ጉባኤ ላይ በጽሑፍ አቅርበውታል።

በሥራው ውስጥ ከነበሩት ጥለቶች ዋነኛው «ሪአክተር» ይባላል። በቀላሉ ላስረዳ። አንድ ግቢ ብዙ በሮች አሉት እንበል። በየበሩ አንድ አንድ ዘበኛ መቅጠር ይቻላል፤ በሮቹ መቶ ሲሆኑ ግን ደመወዙም ግርግሩም አይቻልም። ሪአክተር የሚለው አንድ ንቁ ዘበኛ ሁሉንም በሮች ይጠብቅ፤ የተንኳኳውን በር ሲሰማ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው አስተላልፎ ወደ መጠበቁ ይመለስ ነው። በዩኒክስ ዘበኛው ሲጠይቅ የተንኳኩት በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነገሩታል። በዊንዶውስ ኤንቲ በተጠቀሙበት ጥሪ ግን በአንድ ጊዜ ከ64 በር በላይ መጠበቅ አይቻልም፤ የሚነገረውም አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ከተንኳኩት መካከል በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተጻፈው በር ያለማቋረጥ ሲንኳኳ ኋላ ያሉት የሚሰማቸው ሊያጡ ይችላሉ።

እነሽሚት የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነበር፦ የተጻፈውን ፕሮግራም እንዳለ ማዛወር የማይሆን ነው፤ ዝርዝር ንድፉም እንዳለ አይሄድም። የተሻገረው ጥለቱ ነው፤ «አንድ ዘበኛ፣ ብዙ በር» የሚለው ሐሳብ ከነምክንያቱ። ምክንያቱን ስለያዙ በአዲሱ ቤት ምን መለወጥ እንዳለበት ለይተው አወቁ። የኔን ታሪክ ከዚህ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ገባኝ። እነሱ ሐሳቡን ወርሰው ዕቃውን እንደገና ሠሩ፤ እኔ ዕቃውን ወርሼ ሐሳቡን ረሳሁ።

ቅርብና ሩቅ አንድ አይደሉም

ገንዘብ ያዡ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን ሳይንሱ ከእኔ ስሕተት 13 ዓመት ቀድሞ ጽፎት ነበር። በየካቲት 1984 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን፣ አንድ ማሽን በሌላ ማሽን ላይ ያለን ሥራ እንዴት እንደሚጠራ የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። በንድፋቸው እያንዳንዱ ጥሪ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ ተቀባዩ በቁጥሩ ለይቶ ሁለተኛውን ይተወዋል። ከዚህም ሌላ በግልጽ ያስቀመጡት ቃል አለ፦ መልስ ከመጣ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቷል፤ መልስ ሳይመጣ ውድቀት ከተነገረ ግን ሥራው ወይ አንድ ጊዜ ተሠርቷል ወይ ጭራሽ አልተሠራም፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የኔ ማሽን ሊል ይገባው የነበረው «አልተሳካም» ሳይሆን «አላውቅም» ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በዚያው መጽሔት፣ የኤም.አይ.ቲ. ሰዎች ጀሮም ሳልትዘር፣ ዴቪድ ሪድና ዴቪድ ክላርክ አንድ እርምጃ ቀጠሉ። መስመሩ የተደጋገመ መልእክትን ቢያጣራ እንኳ፣ መልስ የዘገየበት ሰው ራሱ ተመልሶ ቢሞክር መስመሩ ይህን ድግግሞሽ ሊያውቀው አይችልም አሉ። ለመስመሩ ሁለተኛው ሙከራ አዲስ መልእክት ነው። ስለዚህ ማጣሪያው መኖር ያለበት በዳርና ዳር፣ የሥራውን ትርጉም በሚያውቀው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሰውዬው ከደረሰኛቸው ላይ ቁጥሩን ቢጽፉና ማሽኑ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀረ ነበር። ደረሰኝ ላይ ቁጥር ማተም ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ንድፍ ነው። ምክንያቱን ሳልጠይቅ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ይህ ከታወቀ ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት ምቾት ይመስለኛል። ከአራቱ ቡድን 23 ጥለቶች አንዱ እንደራሴ ነው፤ ሩቅ ማሽን ላይ ያለን ነገር እዚህ አጠገብህ እንዳለ አድርጎ የሚያቀርብልህ ወኪል። በ1990ዎቹ ብዙ ሥርዓቶች በዚህ ላይ ተገነቡ፤ ፕሮግራም ጸሐፊው የሚጠራው ነገር ቅርብ ይሁን ሩቅ ማወቅ አያስፈልገውም ተባለ። በኅዳር 1994 ጂም ዋልዶና በሰን ማይክሮሲስተምስ አብረውት የሚሠሩ ሦስት ባልደረቦቹ ይህን የሚቃወም አጭር ጽሑፍ አወጡ። ቅርቡና ሩቁ በአራት ነገር ይለያያሉ አሉ፦ በሚፈጀው ጊዜ፣ በማኅደረ ትውስታ አጠቃቀም፣ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ በመካሄዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በከፊል ውድቀት። አንድ ማሽን ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይወድቃል፤ የተበተነ ሥርዓት ግን ግማሹ ቆሞ ግማሹ ይወድቃል፤ የቆመው ደግሞ የወደቀው ምን ላይ እንደወደቀ አያውቅም። ይህን ልዩነት መሸፈን ችግሩን አያጠፋውም፤ ይሰውረዋል እንጂ።

ከደራስያኑ አንዷ አን ወልራት ኋላ ለጃቫ ቋንቋ የሩቅ ጥሪ ንድፍ ስታወጣ ትምህርቱን በተግባር አዋለችው። በ1997 በወጣው በዚያ ንድፍ፣ ከሩቅ የሚጠራ ሥራ ሁሉ «ልወድቅ እችላለሁ» የሚል ምልክት በግልጽ እንዲሸከም ግዴታ ሆነ። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አሰልቺ ነው ብለው አጉረመረሙ። እኔ አላጉረመረምኩም።

አርባ ሰከንድ

ስለ ውርስ ሲወራ የማይታለፍ አንድ ቀን አለ፦ ሰኔ 4 ቀን 1996። በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጊያና ከሚገኘው ኩሩ ጣቢያ አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓውያን አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች። አራት የምርምር ሳተላይቶች ጭናለች። 40 ሰከንድ ያህል እንደሄደች፣ በ3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከመንገዷ ወጥታ ተሰባበረች።

በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ኮሚቴ በሐምሌ 19 ያወጣው ሪፖርት ምክንያቱን አስቀመጠ። የሮኬቷን አቅጣጫና ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ፕሮግራም ሠርቶ ከታየው ከአሪያን 4 የተወረሰ ነው። በውስጡ አንድ ትልቅ፣ በ64 ቢት የሚያዝ ቁጥር ወደ 16 ቢት የሚቀየርበት ቦታ አለ። 16 ቢት ከ32,767 የሚበልጥ ቁጥር አይዝም። በአሪያን 4 አካሄድ ያ ቁጥር እዚያ ሊደርስ ስለማይችል ከለላ ሳይደረግለት ቀረ፤ የአሪያን 5 የጎን ፍጥነት ግን ከቀድሞዋ እጅግ ቶሎ የሚያድግ ነበር። ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ መሣሪያው ቆመ። ተጠባባቂ መሣሪያም ነበር፤ ነገር ግን ያው ፕሮግራም የተጫነበት ስለሆነ በዚያው ምክንያት ቀድሞ ቆሞ ነበር። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ስሕተቱን ያመጣው ክፍል ለአሪያን 5 ከምድር ከተነሣች በኋላ አንዳች ጥቅም አልነበረውም፤ ለአሪያን 4 ያስፈልግ ስለነበረ ብቻ አብሮ ተወርሷል።

ኮሚቴው ካነሣቸው ነጥቦች እኔን የያዘኝ ይህ ነው፦ ያ ቁጥር ለምን ያለ ከለላ እንደተተወ የሚገልጸው ምክንያት በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ አልተጠቀሰም ነበር። ያሰቡት ሰዎች አስበውበታል፤ በጊዜውም ትክክል ነበሩ። ወራሾቹ የደረሳቸው ግን ውሳኔው እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል ይባላል፤ ልጁ ዕዳ መኖሩን እንኳ ካላወቀ ምን ሊያደርግ ይችላል?

የሕንፃ ሊቁ ጥያቄ

ሮኬቷ በተሰባበረችበት ዓመት ጥቅምት፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ክሪስቶፈር አሌክሳንደርን ሳን ሆዜ ከተማ ጠርተው በጉባኤያቸው ላይ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት። ሐሳቡን ወስደው ምን እንደደረሱ ሊያሳዩት የጓጉ ይመስላል። እሱ ግን ከማመስገን አልፎ ጠየቃቸው። የኔ ጥለቶች የሰውን ኑሮ የተሻለ ለማድረግ የታሰቡ ነበሩ፤ የእናንተስ? የሥነ ምግባር ወገን አላቸው? ወይስ የተሠራውን ነገር ደኅና አድርጎ ለመሥራት ብቻ ናቸው? የሚል ነበር የጥያቄው መንፈስ። አሌክሳንደር በ2022 ዓረፈ። ጥያቄው ግን አልዘጋም።

እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ለጥያቄው ያለኝ መልስ ከአንድ የክፍለ ሀገር ካዝና የመጣ ትንሽ መልስ ነው። ንድፍ ሲወረስ ምክንያቱ ከተቆረጠ ዕዳው የሚያርፈው በነዳፊው ላይ አይደለም፤ በሌላው ዳር መስኮት ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። እሱ ንድፉን አላየም፤ ግምቱን አልገመተም፤ «እንደገና ይሞክሩ» ሲባል ሞከረ። ምክንያትን መጻፍ ለማናውቀው ሰው የምንከፍለው ዕዳ ይመስለኛል፤ ሥነ ምግባር ካለው ሥነ ምግባሩ እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ በአገራችን በእጅ ስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል። መስመሩ ሲደናቀፍ ባለሱቁና ገዢው አንገታቸውን ስልኩ ላይ ደፍተው «አልፏል?» «አላለፈም?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ያ ጥያቄ በ1984 የተጻፈው ጥያቄ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ቁጥር ስጠው፣ ቁጥሩን በሁለቱም ዳር ያዝ፣ ስትጠራጠር በዚያው ቁጥር ደግመህ ጠይቅ።

አልፎ አልፎ ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊዎች የወሰዱትን ንድፍ ሊያሳዩኝ ይመጣሉ። ሠርቶ የታየ ነው ይሉኛል። የት ሠርቶ እንደታየ እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያ የነደፈው ሰው ምን አይሆንም ብሎ እንደገመተ እንዲጽፉልኝ አዛቸዋለሁ፤ በገዛ ቋንቋቸው፣ ከፕሮግራሙ አጠገብ፣ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያነበው። አንዳንዶቹ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ የደረሰኙን ቀሪ ጥራዝና የሽማግሌውን ጥያቄ አነሣላቸዋለሁ። ቁጥሩ ለጌጥ የታተመ አልነበረም።